ያልተቀበረው የአባቴ ደም

አባቴ ሲሞት እናቴ አጠገቡ አልነበረችም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው፣ ከዚያ በኋላ በቤታችን የሆነው ነገር ሁሉ ከዚህ ስለሚመዘዝ ነው። ዕድሜ ልኳን አብራው ቆርባ ኖራ፣ እጁን ይዛ ልትሸኘው ሲገባት፣ የርብ ወንዝ ውሃ መካከላቸው ገብቶ አስቀራት።

ነሐሴ ነበር። የፎገራን ሜዳ በነሐሴ ያየ ሰው ሜዳ ነው ብሎ አይምልም፤ ከወረታ ወደ ጣና ሲያዩት ሩዙ፣ መንገዱና የሰው ደጅ ሳይለይ አንድ ውሃ ነው። አባቴን የጀመረው ሳል ነበር። ከዚያ ትንፋሹ አጠረ፣ ከዚያ ሰው መለየት ተወ። ጎረቤቶች በቃሬዛ አውጥተው ታንኳ ላይ አስተኙት። ታንኳዋ እሱንና ሁለት ቀዛፊዎችን እንጂ ሌላ ሰው አልችልም አለች። እናቴን «እርስዎ በሚቀጥለው» አሏት። የሚቀጥለው ግን አልመጣም፤ ደጋው ላይ ዘንቦ ኖሮ ርብ ከሰዓት በኋላ ሞልቶ ተነሣ።

እኔ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ሆስፒታሉ በር ላይ የተቀበልሁት እኔ ነኝ። የሳንባ ምች ነው አሉኝ። ሲያልፍ ግንባሩን ይዤ የነበርሁትም እኔ ነኝ። ውሃው ጎድሎልን ሬሳውን ስንመልስ፣ የደብሩ ካህናት ወረታ ላይ ተቀብለው ገነዙትና ቤት የደረሰው ከፈን ለብሶ ነው። የተገነዘ ፊት አይገለጥም። እናቴ ያየችው ነጭ ጨርቅ ብቻ ነበር።

አላለቀሰችም። ይህ በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ለቅሶ ደራሹ ሙሾ ሲያወርድ፣ ደረቱን ሲደቃ፣ እሷ ለመጣው ሰው መቀመጫ ትፈልጋለች። ሴቶቹ «ምነው እንዲህ ደረቀች?» ሲባባሉ ሰማኋቸው። አንዷን የሥጋ ዘመዳችንን «ያንቺ እንባ ለሁለት ይበቃል፣ አታስቢ» ብዬ አስቀየምኋት። የኔ ምላስ ለቅሶ ቤት እንኳ አያርፍም። ቢሆንም ነገሩ እኔንም ይበላኝ ስለነበር፣ ሰው ሲበተን ለምን እንደማታለቅስ ጠየቅኋት።

«ሲያልፉ አላየኋቸውም» አለችኝ። «ያላየሁትን ምን ብየ ላልቅስ? ጧት ትንፋሻቸው እንዳለ ከደጄ ወጡ። ለኔ እስካሁን እንደወጡ ናቸው።»

ከሞተ በኋላ የአባቴን ድምፅ መጀመሪያ የሰማችው እሷ ናት።

ሌሊት ቢሆን ሕልም ነው ብዬ ባለፍሁት። እሷ የምትሰማው ግን በቀትር ነው፤ ከብቱ ጥላ ፈልጎ ሲተኛ፣ ሰው ሁሉ ከማሳ ሲገባ። ከቤታችን ጀርባ አንድ ሾላ አለ። አባቴ መሪጌታ ነበርና ተማሪዎቹን ዜማ ያስተምር የነበረው እሱ ሥር ተቀምጦ ነው። ሲሞት ተማሪዎቹ ሌላ መምህር ፍለጋ ወደ ጣራ ገዳም በኩል ተበታትነዋል። «ዜማ ይመሩና ያቆማሉ» አለችኝ እናቴ፣ ስለ ጎረቤት እንደምትነግረኝ ዓይነት። «የሚቀበላቸው ሲያጡ እንደገና ይመራሉ። ጉሮሯቸው ይደርቃል እኮ።» ውሃ በጣሳ እየቀዳች ሾላው ሥር ማስቀመጥ ጀምራ ነበር። ውሃውን ዶሮዎች ይጠጡታል፤ እሷ እንደገና ትሞላዋለች።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የምሰማ ሰው አይደለሁም። ሰው ጆሮዬ ላይ ስለ ዛርና ስለ ውቃቢ ሲያወራ ቦታ እቀይራለሁ። ግን የአርባው ተዝካር ከወጣ በኋላ፣ በአንዱ ቅዳሜ ልጠይቃት ሄጄ፣ ደጅ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። ነፋስ የሚባል አልነበረም። ከሾላው በኩል አንድ ሰው ሲመራ ሰማሁ። ቃሉን አልለየሁትም፤ ያችን አባቴ ዜማ ሊያነሣ ሲል የሚጎትታትን የሻከረች ድምፅ ግን አወቅኋት። ሰፌዱን ጥዬ ዞርሁ። ሾላው ሥር ጣሳው አለ፤ ሰው የለም። ላማችን ቆማ ወደዚያው ታያለች። እናቴ ከውስጥ ሆና «ሰማሻቸው?» አለችኝ። «ምኑን?» አልሁ። ግን ፈርቼ ነበር፣ በጣም ፈርቼ ነበር።

አሁን ስለ ሥራዬ ልናገር፤ ያለዚያ የቀረው ነገር አይገባም።

የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ እንጀራዬ ደም ነው። በዚያ ዓመት፣ አባቴ ገና በሕይወት ሳለ፣ አብሬው የምሠራው ተመራማሪ አንድ ጥያቄ ይዞ እሱም እኛም እንቅልፍ አጥተን ነበር። ቫይታሚን ዲ የሚባለው፣ ቆዳችን ከፀሐይ የሚሠራው ነገር፣ የሰውነታችን ዘቦች የሚላላኩትን መልእክት በሕፃን፣ በጎልማሳና በሽማግሌ ላይ እንዴት እንደሚለውጠው ማወቅ ፈለገ። ዘቦች የምላቸው ነጮቹን የደም ሕዋሳት ነው። እነዚህ ይጠራራሉ። አንዱ ባዕድ ነገር ሲያገኝ በደም ውስጥ መልእክት ይለቃል፤ የሰማው ይደርስለታል፣ ሌላውን ይጠራል፤ ነገሩ ሲያበቃ ደግሞ «በቃ» የሚል መልእክት ይመጣል። ቫይታሚን ዲን ለአጥንት ብቻ የተፈጠረ አድርገን ኖረናል፤ ዘቦቹም ግን ያዳምጡታል። ሲደርሳቸው አንዱን ጩኸት ዝቅ ያደርጋሉ፣ ሌላውን መሣሪያ ይስላሉ።

በፎገራ ፀሐይ ሞልቶ ፈሶ ስለዚህ ነገር መጨነቅ ያስቃል። ሆኖም ሕፃኑን ምች ይመታዋል፣ ዓይን ይበላዋል ብለን ጨለማ ውስጥ ጠቅልለን እናሳድገዋለን። ሽማግሌው ደግሞ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ጥግ ይይዛል፤ ፀሐይ ቢወጣም ያረጀ ቆዳ እንደ ድሮው አይሠራም። በፀሐይ ሲቃጠል የሚውለው መካከለኛው ነው። የማንኛውም ሽማግሌ ነገር ሲነሣ እኔ የማስበው አባቴን ስለሆነ፣ እሱን ልጠይቀው ሄድሁ። አገሩ ሁሉ «የኔታ» ስለሚለው እኔም አፌን የፈታሁት «የኔታ» ብዬ ነው።

«የኔታ፣ ትንሽ ደም ይሰጡኛል?» አልሁት።

«ከዚህ ከደረቀ ግንድ?» አለና ሳቀ። «ምን ሊያደርግልሽ?»

የሚገባውን ያህል ነገርሁት። በሕፃን ደም ዘቦቹ ዝምተኞች ናቸው፤ ገና አዲስ እንግዶች ስለሆኑ ብዙውን ነገር አይተው ያልፋሉ። ጎልማሳ ውስጥ ሲጠሩ ይሰማሉ፣ ሲበቃ ያበቃሉ። ሽማግሌ ውስጥ ግን ጠላት ሳይኖር ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማሉ፤ እውነተኛው ጠላት ሲመጣ ደግሞ ይዘገያሉ።

«እንግዲያው ማኅሌት ነዋ!» አለ ጉልበቱን መታ አድርጎ። «ሕፃኑ ገና ዜማ አልያዘም፣ ቢመሩትም ዝም ነው። ጎልማሳው ሲመሩት ይቀበላል። ሽማግሌው ግን፣ እኔን አታይም? ሳይመሩት ይጮኻል፣ ሲመሩት ተኝቷል።» እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ይህን ነገር ለማንም ሳስረዳ የምጠቀመው የሱን ቃል ነው፤ ከመጽሐፍ የተሻለ አላገኘሁም።

ደም ልንወስድ የሄድንበት ቀን ራሱ ሊረሳ የማይገባው ነው። ሕዝቡ ተሰብስቦ የሚገኘው እሑድ ነው ብለን፣ የቅዳሴ መውጫ ጠብቀን ደጀ ሰላሙ አጠገብ ጠረጴዛ ዘረጋን። የከተማ ሰው ብልሃት! በእኛ ገጠር የሚቆርበው ሕፃንና ሽማግሌ ነው፤ ጎልማሳው ኃጢአቱን ተሸክሞ ከደጅ ያስቀድሳል። የቆረበ ሰው ደግሞ በዚያ ቀን ምራቁን እንኳ አይተፋም፣ ደም ማፍሰስማ ጨርሶ አይታሰብም። ሕፃናቱ አፋቸውን በነጠላ ተሸፍነው በእናቶቻቸው ጀርባ አለፉን። ሽማግሌዎቹ መርፌውን ሲያዩ አማተቡ። ሦስት ዕድሜ ፈልገን የተሰለፈልን ጎረምሳ ብቻ ሆነ። ተመራማሪው ጆሮዬ ላይ «ይህን አታውቂም ነበር?» ይለኛል። አባቴ መቋሚያውን ተደግፎ በሩቁ እያየን ነበር፤ አፉን በነጠላው ስለሸፈነ መሳቁን ያወቅሁት ከትከሻው ነው።

በማግሥቱ እጁን ዘረጋልን። የደም ሥሩ እንደ ልቡ ቀጥ ያለ ነበር፤ አላስቸገረኝም።

ከዚያ ደም ነጮቹን ሕዋሳት ለይተን በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ አቆየናቸው። ብልቃጦቹ የጣት ጫፍ ያክላሉ። እንዲያ በቀዘቀዘ ነገር ውስጥ ሕዋስ አይሞትም፤ ያለበት ላይ ቆሞ ይቀራል። በጥንቃቄ ሲያሞቁት ሥራውን ካቆመበት ይቀጥላል። የአባቴ ደም የሚመረመርበት ተራ ሳይደርስ ክረምት ገባ፣ ነሐሴም መጣ።

ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስ። ድምፁን ሰምቼ ገና ልቤ ሳይመለስ፣ እናቴ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ሰፌዱን አነሣች።

«ያ ከየኔታ የቀዳሽው ደም ከሳቸው ጋራ ተቀበረ?»

«አልተቀበረም።»

«ተደፋ?»

«አልተደፋም። አለ።»

ምስሩን መልቀም ተወች። «ሞቷል?»

እዚህ ላይ ልዋሽ እችል ነበር። ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም፤ «አዎ» ብል ያን ጊዜውኑ ባለቀ። ግን ስለ ደም ተጠይቄ ዋሽቼ አላውቅም።

«አልሞተም፣ እመየ። ተኝቷል በይው። በጣም በቀዘቀዘ ነገር ውስጥ ነው። ቢሞቅ ይነቃል።»

አይገባትም ብዬ ነበር። ሳያት ግን ዓይኗ በረቱ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት ላማችንን በመርፌ አስጠቅተናት አንዲት ቦቃ ጊደር ወልዳለች። የማዳቀል ባለሙያው ዘሩን የሚያመጣው እንዲሁ በናይትሮጅን በሚጤስ ዕቃ ነው። እናቴ ያን ዕለት ኮርማው የት እንዳለ፣ መልኩ ምን እንደሚመስል ስታጣድፈው፣ ኮርማው ከሞተ ቆይቷል ብሎ ነግሯት ነበር።

«እንደ ኮርማው?» አለችኝ።

«እንደ ኮርማው።»

«ኮርማው ሞቶ ነው ያች ጊደር የመጣችው።»

«አዎ።»

ሰፌዱን ወደ ጎን አደረገችው። ከዚያ እጄን ያዘችው፤ እጇ ቀዝቅዞ ነበር። «እንግዲያ የኔታ አልጨረሱም። ለዚህ ነው የሚጣሩት። አፈር ስሆንልሽ፣ ልጀ፣ አምጭልኝ።»

«ለመቅበር ነው?»

«መቅበርስ ማንም ይቀብራል። ያን ጊዜ ውሃ ከለከለኝ። አሁን እዚህ፣ እጄ ላይ ይለፉ። ልያዛቸው።»

ተናደድሁ። ሕዋስ ሰው አይደለም፤ ይህን ስንት ተማሪ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። አባቴ ሲያልፍ ትንፋሹ እንዴት እንደተቆረጠ ያየሁት እኔ ነኝ፤ በብልቃጥ የቀረ ነገር የሱን ሞት አይደግመውም፣ አይመልሰውም። ይህን ሁሉ በልቤ እየደረደርሁ ፊቷን አየሁት። ከነሐሴ ጀምሮ ውሃ ዳር እንደቆመች ናት። «አመጣለሁ» አልኋት።

ተመራማሪው ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ከሽማግሌዎቹ ሁሉ በዕድሜ የገፋው የኔ አባት እንደነበር፣ እንዲህ ያለ ደም እንደገና እንደማይገኝ ነገረኝ። ፈቅዶ የሰጠ ሰው መልሶ መውሰድ እንደሚችል ለየሰዉ ደጋግሞ ያነበበው እሱ ራሱ ነበር፤ ያን አስታወስሁት። «ፈቃዱን የሰጡት እሳቸው ናቸው» አለኝ። «እሱ የለም፤ ባለቤቱ አለች» አልሁት። ጠረጴዛውን በጣቱ ሲመታ ቆየና «ሁለት ብልቃጥ አለ» አለ። «አንዱን እንሥራበት። አንዱን ውሰጂ። መቼም በሙቅ ውሃ ገድለነው እንደምትወስጂው...»

«ሕያው እንደሆነ ነው የምወስደው።»

ምክንያቱን ነገርሁት። ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀም። እሱም እናት አለችው።

ለጥናቱ የተተወውን ብልቃጥ ያሞቅሁት በገዛ እጄ ነው። ሕዋስ በሕይወት መኖሩን የምናውቀው በአንድ ሰማያዊ ቀለም ነው፤ የሞተው ቀለሙን ይጠጣል፣ ሕያው የሆነው እንቢ ይላል። ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጥቂቶቹ ሰማያዊ ናቸው። የቀሩት ብዙዎቹ ጥርት ብለው፣ ክብ ክብ ሆነው ቁጭ ብለዋል። በሥራ ዘመኔ ይህን መልክ ቀን በቀን አይቼዋለሁ፤ ወንበር ፈልጌ የተቀመጥሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። ሰውየው አፈር ከገባ ወራት አልፏል፤ ደሙ ግን መሞቱን የነገረው የለም።

ከፊሎቹን የጀርም ስብርባሪ ሰጠናቸው፣ ከፊሎቹን ከዚያው ጋር ቫይታሚን ዲ፣ ከፊሎቹን ደግሞ ምንም። ሁሉንም በሰውነት ሙቀት አሳደርናቸው። በማግሥቱ የተላላኩትን መልእክት ለካን። ምንም ያልሰጠናቸው ሳይቀሩ ያጉረመርማሉ፤ ቫይታሚኑ የደረሳቸው ዝቅ ብለዋል። ተመራማሪው «አንድ ሰው ምንም አያስረዳም፣ ታውቂያለሽ» አለኝ፤ አውቃለሁ። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ጀርሙን አግኝተው እርስ በርስ «መጣ፣ መጣ» ሲባባሉ ያደሩት፣ የሚጠብቁት ቤት ፈርሶ ነው። ያን ሌሊት የሚዋጉት ለማን ነበር? ያን ካሰብሁ በኋላ ለብዙ ሳምንት ቤቴ ውስጥ ብቻዬን መሆን አስጠላኝ፤ ሬዲዮ ከፍቼ እውል ነበር።

ሁለተኛውን ብልቃጥ ወረታ ማድረስ ቀረ። ናይትሮጅን በዘንቢል አይያዝም። ያው የማዳቀል ባለሙያ ለሥራው ናይትሮጅን ሊያስሞላ ባሕር ዳር እንደሚመላለስ ትዝ አለኝና ፈልጌ አገኘሁት። ስነግረው ራሱን አከከ። «ከኮርማዎቹ ጋራ?» አለኝ። «ከኮርማዎቹ ጋራ» አልሁት። አባቴ ቢሰማ የሚለውን አውቃለሁ፤ ሴት ባለፈች ቁጥር ዓይኑን መሬት የሚተክል መሪጌታ፣ የመጨረሻ መንገዱን ከኮርማ ዘር ጋር ተቃቅፎ ሄደ። ሰውየውም ይህን አስቦ መሰለኝ፣ ብልቃጡን ሲያስገባ በልቡ ይቅርታ የጠየቀ ይመስል ነበር።

ሚኒባሱ ውስጥ ዕቃውን በእግሮቻችን መካከል አቁመን ተቀመጥን። ኅዳር ነው፤ ሩዙ ቢጫ ሆኖ አጨዳ ተጀምሯል። ሐሙሲት ላይ ሰው እስኪሞላ ቆመን ቀረን። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ከክዳኑ ሥር የሚወጣውን ጭስ አይታ «ምንድን ነው እሱ?» አለች። ባለሙያው «የኮርማ ዘር» አላት። «ጉድ!» ብላ እግሯን ሰበሰበች። እኔ በመስኮት አየሁ። እንባዬ ይወርድ ነበር፤ ለዚያች ሴትዮ ምኑን እነግራታለሁ?

እናቴ ነጭ ልብሷን ለብሳ ጠበቀችን። መደቡን በእበት ለቅልቃ፣ የአባቴን ጋቢ አንጥፋበት ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ማሳ ነው፤ ቀኑን የመረጠችው ለዚህ መሆኑ ገባኝ። ባለሙያው ብልቃጡን በመቆንጠጫ አወጣው። ነጭ ውርጭ ለብሷል። ትንሽ ጠበቅን፤ ክዳኑን ላላ አደረግሁት። ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀና «እኔ ጊደሯን ልያት» ብሎ ወደ በረቱ ወጣ።

«ቅዝቃዜው ያቃጥላል፣ እመየ። በነጠላው ያዥው።»

የነጠላዋን ጫፍ አጥፋ ተቀበለችኝ። በሁለት እጇ ይዛ ጋቢው ላይ ተቀመጠች። እኔ ጉልበቷ ሥር ተቀመጥሁ።

«አሁን እየነቁ ነው?»

«እየሞቀ ነው። አዎ።»

«ይሰሙኛል?»

«እመየ፣ እሱን እኔ...»

«እሽ፣ ተይው። አሉ ወይ? እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

«አሉ።»

ጎንበስ አለች። አባቴን ስታናግረው አንድም ቀን «አንተ» ብላው አታውቅም፤ ያን ቀን አለችው። «ርብ ነው ያስቀረኝ» አለችው። «በሚቀጥለው ብለውኝ ነው። ቆሜ ነበር። እስኪመሽ ውሃው ዳር ቆሜ ነበር። የመጣሁ መስሎህ ዞር ዞር ብለህ ፈልገኸኝ ይሆን? ቆሜ ነበር እኮ።»

ፈልጓት ነበር። ሆስፒታሉ አልጋ ላይ፣ ሰው የለየ በመሰለ ቁጥር አንገቱን ወደ በሩ ያዞር ነበር። ይህን ለእናቴ ነግሬያት አላውቅም፤ ያን ጊዜም አልነገርኋት።

«ሩዙ ደህና ነው» አለችው። «ውሃው የበላው የታችኛውን ማሳ ብቻ ነው። ተማሪዎችህ መምህር አግኝተዋል። ልጅህ አለች፣ ይችውና እዚህ ናት። ለኔ አትስጋ።» ከዚያ በአውራ ጣቷ ብልቃጡን ታሻሸው ጀመር። ውርጩ ቀልጦ ነጠላውን አርሶታል።

«አሁንስ?»

«አሉ።»

እነዚህን ሕዋሳት ከቅዝቃዜው የሚጠብቃቸው ፈሳሽ ሲሞቅ መርዝ ይሆንባቸዋል። ላቦራቶሪ ውስጥ ፈጥነን እናጥባቸዋለን፤ እዚህ የሚያጥባቸው የለም። ቀስ በቀስ፣ አንዱ ከሌላው በኋላ ይሄዳሉ። መቼ እንደሚያልቁ ያለ ማይክሮስኮፕና ያለ ሰማያዊው ቀለም ማንም ሊያውቅ አይችልም። ዓይኔ ያላየውን መልስ ጽፌ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። እጄን እጇ ላይ ጫንሁት። ብልቃጡ እንደ እጃችን ሞቋል።

«አሁንስ?» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

«አሁን» አልኋት።

«አለፈ?»

«አለፈ፣ እመየ። አለፈ።»

ብልቃጡን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። ከዚያ ከውስጧ የወጣው ድምፅ ከሷ ይወጣል ብዬ ያሰብሁት አልነበረም። ነጠላዋን ከራሷ ላይ ጣለችው። ብልቃጡን በአንድ እጇ እንደጨበጠች በሌላው ደረቷን ትደቃ ጀመር። ጩኸቱ ከግቢው አልፎ ማሳው ድረስ ተሰማ።

አጫጆቹ ማጭዳቸውን እንደያዙ እየሮጡ መጡ። ከፊት የደረሱት ሴቶቹ ናቸው፤ ያች ያስቀየምኋት ዘመዳችንም አለች። ደጁ ላይ ቆመው ላብ በላብ ሆነው እኔን ያያሉ፣ እሷን ያያሉ።

«ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?»

ልመልስ ስል እናቴ ቀደመችኝ።

«የኔታ!» አለች። «የኔታ ሞተብኝ!»

ማንም «ምነው አሁን?» አላለም። ሴቶቹ ማጭዳቸውን ደጃፉ ላይ ጣሉና ገብተው አጠገቧ ተቀመጡ።